ሁለት ጣት፣ የማን ጣት?

እኩዮቼ፣ ደመናው ሳይታይ ዝናቡን በጉልበታችሁ የምታውቁ፣ ከዘራችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ የጠዋት ፀሐይ የምትሞቁ ሁሉ፣ እስኪ ጠጋ በሉልኝ። ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ጠፋ። ልጆቹ ጆሯቸውን በነጭ ነገር ወትፈውታል፤ ባለቤቴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰምታኝ ታክቷታል፤ የቀረኝ ውሻው ነበር፣ እሱም ራሱ የክሴ ምክንያት ሆነ።

በዚህ ዕድሜዬ ሊያሳስበኝ የሚገባው የጤፉ ዋጋ ነው፣ የንስሐ አባቴ ተግሣጽ ነው፣ ያዘመመው አጥሬ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የውሻ አንገት ነው። አዎ፣ አንገት። የውሻ። ዘመኑ ሽማግሌን ምን ላይ እንደሚያውለው እዩልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር የሚማረው የልጅ ልጄ ለእረፍት ሲመጣ በካርቶን ቡችላ ይዞ መጣ። የእኛዋ አይከል ውሻ አጥታ ነው? በየአጥሩ ሥር ስድስትና ሰባት እየሆኑ የሚወለዱት ምን ይሁኑ? ቡችላ ከ60 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ በሚኒባስ፣ በሰው ጭን ላይ! እኔ በልጅነቴ ያንን መንገድ በእግሬ ስሄድ ጭን የሰጠኝ የለም። ስሙን ብጠይቀው «ማክስ ነው፣ አባባ» አለኝ። ጭልጋ ምድር ላይ ማክስ!

የዱሮ የውሻ ስም እኮ ደብዳቤ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ከጎረቤቴ ጋር በድንበር ተኳርፌ ውሻዬን «አይነጋም ወይ» ብዬ ሰየምሁት። ማታ ማታ ደጅ ወጥቼ «አይነጋም ወይ! ና!» ስል ጎረቤቴ እህሉ ጉሮሮው ላይ ይቆማል። እሱም አልተኛም፤ በሳምንቱ የራሱን ውሻ «ነግቶስ ምን ልትሆን» አለው። ሦስት ዓመት በውሾቻችን አፍ ተዘላለፍን፤ እኔና እሱ ግን ፊት ለፊት አንድ ክፉ ቃል ሳንለዋወጥ ጠላ እንጠራራ ነበር። እንዲህ ነበር ጨዋነት። አሁን «ማክስ» ብዬ ብጣራ ማን ላይ ይደርሳል? ማንን ያማል? ባዶ ስም።

ስሙንስ እሺ ብዬ ዋጥሁት። በሁለተኛው ቀን ልጁ መጥቶ «አባባ፣ የአንገት ማሰሪያ እንምረጥለት» አለኝ። እንምረጥለት! እኛ ዘንድ የሚመረጠው ሙሽራ ነበር፣ ዳኛ ነበር፣ የእርሻ በሬ ነበር። ለውሻ አንገት ማን መረጠ? ጭልጋ እኮ ከሰናር ወደ ጎንደር የሚወጣ ነጋዴ ሁሉ ቀረጥ የሚከፍልባት በር ነበረች። ስንት ልጓም፣ ስንት ኮርቻ፣ ስንት መጫኛ አልፎባታል። ከቋራ የተነሡት አጤ ቴዎድሮስ አንበሳ ያለመዱ ንጉሥ ናቸው፤ ጎንደር ፋሲል ግቢ ብትገቡ የአንበሶቹ ቤት ዛሬም ቆሞ ይታያል። እኛ አንበሳ ያኖርን ሰዎች ነን። አሁን አንዲት ጓያ የምታህል ቡችላ በምን ትታሰር ተብሎ በቤት ጉባኤ ይጠራል።

ውሻን ከጌታው ጋር የሚያስረው ቁራሽ እንጀራ ብቻ ነው። ይኸው ነው። የእኔ ውሾች አንገታቸው ላይ ዝንብ እንኳ አላረፈም፣ ነፃ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ቀን ቀን በጠፍር አስራቸው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በመጫኛ። በቃጫ ገመድም አስሬ አውቃለሁ፣ እሱን አንዱ አኝኮ በጥሶ የቄሱን ቀሚስ ስለያዘ ተውሁት። ጠፍር ግን ጠፍር ነው፣ የበሬ ቆዳ፣ እግዜር የሠራው። አንድ ክረምት ብቻ ዝናብ አርሶት ሰነበተና በማግሥቱ ፀሐይ ሲወጣ ደረቀ፤ ሲደርቅ ተኮማተረ፤ ሲኮማተር ውሻዬ ምላሱን አውጥቶ ተገኘ። በቢላ ቆርጬ ለጥቂት አተረፍሁት። ይህ የዝናቡ ጥፋት ነው እንጂ ጠፍሩ ምን አደረገ?

ያም ሆነ ይህ፣ እኔ ለውሻ ማሰሪያ ብዬ ጎንደር አልሄድሁም። ይህ ይመዝገብልኝ። የሄድሁት ለዓይኔ ሐኪም ነው። መንገድ ላይ ኪሴ ውስጥ እጄን ብከት በአጋጣሚ አንድ ሲባጎ አገኘሁ፤ በአጋጣሚ ደግሞ ሲባጎው በማክስ አንገት ልክ ቋጠሮ ነበረው። ሐኪሙ ዘንድ ወረፋው ረዘመብኝና ፒያሳ ወጣ ብዬ አንድ ሱቅ ገባሁ።

ወገኖቼ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። ግድግዳው ሙሉ ማሰሪያ! ለሰው ቀበቶ ፈልጌ እንዲህ ያለ ምርጫ አላየሁም። የናይለን አለ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ የጨርቆስ ጃንጥላ ይመስል። የቆዳ አለ። ሰንሰለት አለ። ማታ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ አለ። ሽምብራ የምታህል ቃጭል የተንጠለጠለችበትም አለ፣ ውሻው ቅዳሴ ሊገባ ነው እንዴ? ሻጩ ልጅ ጢም እንኳ አላበቀለም፤ «አባባ፣ ውሻው ስንት ኪሎ ነው? አንገቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» አለኝ። ልጄ፣ እኔ ለሠርጌ ድሪ ስገዛ የሙሽራዪቱን አንገት ማንም አልጠየቀኝም፤ ገዛሁ፣ ሰፋ፣ አሰረችው፣ ኖርን። ሲባጎውን አወጣሁና «ይህን ያህል ነው» አልሁት። ሳቀብኝ።

ከዚያ ትምህርት ጀመረ። ሰፊ ማሰሪያ ለትልቅ አንገት፣ ቀጭን ለትንሽ። ቀጭኑ ትልቅ ውሻ ላይ ሲጎተት ሥጋ ይቆርጣል፤ ሰፊው ቡችላ ላይ ቀንበር ይሆናል። ናይለን ይታጠባል፣ አይበሰብስም፣ ግን ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ጠጉር ይልጣል። ቆዳ ይለሰልሳል፣ ግን ቅባት ይፈልጋል። ጭንቅላታቸው ከአንገታቸው የቀጠነ ውሾችም አሉ አለኝ፤ ለእነሱ ተራው ማሰሪያ ሾልኮ ስለሚወልቅ ሲጎተት በመጠኑ ብቻ የሚጠብቅ ይሠራላቸዋል። ይህን ሁሉ አውቄው ነበር። የማላውቀው መስዬ አዳመጥሁት፣ ልጁ እንዳያፍር።

መጨረሻ ላይ «ካሰሩለት በኋላ ሁለት ጣት ማስገባት አለብዎት፤ ሁለት ጣት ከገባ ልኩ ነው» አለ። እዚህ ላይ ነው የተጣላነው። ሁለት ጣት፣ የማን ጣት? እስኪ የእኔን ጣት እዩት፣ አርባ ዓመት ሞፈር የጨበጠ፣ አንዱ ብቻ የማረሻ ወገል የሚያህል። የልጁን ጣት ደግሞ እዩት፣ ከስልክ መስታወት በቀር የነካው የለም፣ እንደ ጧፍ የቀጠነ። የእኔ ሁለት የእሱ አራት ነው። በእኔ ጣት ከተለካ ማሰሪያው በጆሮው ይወልቃል፤ በእሱ ጣት ከተለካ ውሻው ይታነቃል። መለኪያ ብሎ ነገር! ስንዝርና ክንድም እንደየሰውየው ነው አትበሉኝ፤ ስንዝር ሌላ፣ እሱ የአባቶች ነው።

ሰንሰለቱንም አሳየኝ፣ ሲጎትቱት የሚጠብቀውን፣ ውሻን ሥርዓት ያስተምራል የሚሉትን። ክንዴ ላይ አድርጌ ጎተትሁት። የጉሮሮ ቧንቧ ላይ የሚጠብቅ ነገር ትምህርት አይደለም፣ ስቅላት ነው። መልስልኝ አልሁት። የደረት ማሰሪያ የሚሉትን ደግሞ አመጣ፣ ለሚጎትት ውሻና ለትንሽ ውሻ ከአንገት ይልቅ በደረት ይሻላል ይላሉ፣ ጉሮሮውን አይጫነውም። ይህን ከበቅሎ እንደሰረቁት ገና ሳየው አወቅሁ። የበቅሎ ኮርቻ በደረቷ ማሰሪያ ተይዞ ዳገት ሲወጣ ያላየ ነው አዲስ ነገር የሚመስለው። ምን አዲስ አለ? ሁሉም የእኛ ነበር፣ ፕላስቲክ ጨምረው ይሸጡልናል።

እሾህ ያለውንም ብትሉ እንዲሁ። ጫፉ የጎማ እሾህ የተተከለበት፣ ለጌጥ የሚሆን ጥቁር ማሰሪያ አየሁና ደሜ ፈላ። የልጅ ልጄ በስልኩ እንዳሳየኝ፣ ቱርክ አገር ካንጋል የሚሉት የበግ ጠባቂ ውሻ አለ፤ አንገቱ ላይ የብረት እሾህ ያደርጉለታል። ተኩላ ሲመጣ የሚይዘው ጉሮሮን ነውና አፉን ይወጋዋል። ይህን አባቴ ሠርቶታል! ነብር ውሻ እንደሚወድ እናንተ ታውቃላችሁ፤ አባቴ ጠፍር ላይ ሚስማር ከውስጥ ወደ ውጭ መትቶ ለውሻው አሰረለት። ቱርኮቹ ከማን እንዳዩት እግዜር ይወቀው። እውነቱን ለመናገር ነብሩ ውሻውን በወገቡ ይዞ ሄደ፤ ማሰሪያው ግን ጫካ ውስጥ ተገኝቷል፣ አንድ ሚስማር ሳይነቀል። እንዲህ ነበር የዱሮ ሥራ።

ማሰሪያው ላይ ደግሞ የምትንጠለጠል ብረት አለች፣ የአጥንት ቅርጽ ያላት። የባለቤቱ ስልክ ይጻፍባታል፤ ውሻው ሲጠፋ ያገኘው ሰው ይደውላል። አንገት ላይ የሚታሰር ነገር እኛ ዘንድ ማተብ ነበር፣ ክታብ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄ አንገት ባዶ ነው፣ ማተቡን «ከሸሚዝ ጋር አይሄድም» ብሎ ከፈታው ከረመ፤ ውሻው ግን ስምና ስልክ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ይኸው የልጅ ልጄ «የእርስዎን ቁጥር ነው የምናጽፈው፣ አባባ» ሲለኝ፣ እኔስ ብጠፋ? አልሁት። እኔ አንገት ላይ ምን ተጽፏል? ዓይኔ ደክሟል፣ የአይከልን ባጃጆች ከበሬ መለየት አቅቶኛል፤ ማን ይደውልልኝ? ልጁ ትንሽ አሰበና «እርስዎንማ ሁሉም ያውቅዎታል፣ ድምፅዎ ይሰማል» አለኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

አሜሪካ ያለችው ልጄ ይህን ሰምታ የባሰውን አመጣች። ውሻው የት እንዳለ በሳተላይት የሚናገር ማሰሪያ ልላክ አለች። የእኔን ውሻ ለማወቅ ሰማይ ይጠየቅ? የልጅ ልጄ ግን ተቀበላት፣ አልፎም ሰሜን ተራራን ምስክር አድርጎ ጠራ። በ2012 ዓ.ም. በጥይት እግሩ የተሰበረ አንድ ቀይ ቀበሮ እዚያ ተገኝቶ፣ ታክሞ፣ ድኖ፣ የት እንደሚውል የሚናገር ማሰሪያ አንገቱ ላይ ተደርጎለት ወደ ዱሩ ተመልሷል። ስሙን ተረፈ አሉት። ይህ ስም ነው፤ ከማክስ ይሻላል። እንዲህ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ ጎልማሶቹ ቢቆጠሩ 500 የማይሞሉ ናቸው፣ ከኢትዮጵያም ውጭ የሉም፤ እነሱን ከሚጨርሷቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ከእኛው ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህን ሲነግረኝ ዝም አልሁ። ቀይ ቀበሮው አንገቱ ቢታሰር ይገባዋል፣ ዘመድ ጥቂት ነው ያለው። ማክስ ግን ምን ቸገረው? የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ዘመዱ ነው።

ክትባቱንስ አስከትቤዋለሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ሲወጋው እኔ ነኝ የያዝሁት፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ዓይኔ ብቻ ትንሽ አለቀሰ፣ ያው የዓይኔ ሕመም ነው። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። በአንዳንድ አገር የተከተበው ካልተከተበው እንዲለይ ባለ ቀለም ማሰሪያ ይደረግለታል አለኝ፤ ከመቶው ውሻ ሰባው ከተከተበ በሽታው መሄጃ ያጣል። የነከሰ ውሻ ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሮጥ፤ ሕመሙ አንዴ ከጀመረ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እኛ በልጅነታችን ይህን ሁሉ ሳናውቅ ጤነኞች ነበርን። የሞቱትን ሳንቆጥር።

ማሰሪያ አያስፈልግም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አይነጋም ወይ አንገቱ ባዶ ሆኖ ስድስት ዓመት ኖሯል። ሰባተኛው ዓመት ላይ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መርዝ ተበተነና ሄደ፤ ባለቤት እንዳለው ያወቀ አልነበረም። ጎረቤቴ፣ የነግቶስ ምን ልትሆን ጌታ፣ ለቅሶ መጣ። ለውሻ ለቅሶ! የመጣው ግን ለእኔ ነው። ያን ዕለት ድንበሩን ተካለልን።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ጃንሆይ። የዱሮ ትልልቅ ሰዎች ውሻ ከደጅ እንጂ ከቤት አያስገቡም ልል ነበር፣ የልጅ ልጄ ሉሉን አስታወሰኝ። ጃንሆይ ሉሉ የምትባል ቺዋዋ ነበረቻቸው፤ እጅግ ትንሽ ነች፣ ከእጅ መዳፍ እምብዛም አታልፍም። ብትሞትም በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ መቃብር ተሠራላት። እሺ፣ ይህን አልክድም። እሳቸው ግን ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ማክስ ማን ሆነና ነው በእኔ ጋቢ ጫፍ ላይ የሚተኛው?

ወደ ሱቁ ልመለስ። ልጁ ቀይዋን ናይለን 650 ብር አለኝ። በዚያ ገንዘብ በእኔ ዘመን ጥንድ በሬ ተገዝቶ ድግስ ይደገስበት ነበር። ተጨቃጨቅሁ፣ ከዘራዬን ወለል ላይ መታሁ፣ አንድ ብር ለውሻ አላወጣም ብዬ ወጣሁ። ወጥቼም እዚያው ከአራዳ ገበያ ወዲያ የማውቀው ኮርቻ ሰፊ ዘንድ ገባሁ። እሱ ሰው ነው፤ እንደኔ መነጽሩን በሲባጎ ያስራል። የለሰለሰ የፍየል ቆዳ አወጣ፣ ከውስጥ ጨርቅ ደረበበት አንገቱን እንዳይፍቀው፣ ዘለበቱን ከነሐስ አደረገው እንዳይዝግ፣ አምስት ቀዳዳ በሳለት። ሁለት ሻይ ጠጥተን አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ስፌቱ ተመካከርን። 900 ብር ተቀበለኝ። ዕቃ ሲሆን ግን ሰው አይከራከርም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «አንቱ፣ ሐኪሙስ ምን አለ?» አለችኝ። ሐኪሙን ረስቼው ነበር። «እረፍ ብሎኛል» አልሁ።

ቆዳ ቅባት ይፈልጋል ብያችኋለሁ። ማታ ባለቤቴ ስትተኛ ከማሰሮው አንድ ጣት ቅቤ ወስጄ ማሰሪያውን አሸሁት፣ በሁለት እጅ፣ ቀስ እያልሁ፣ ቅቤው እስኪጠጣ። ጠዋት ማክስ ደጅ ሲወጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አንገቱን ሊልስ ተሰለፈ፤ እንደ ጳጳስ ተቀባበሉት። ባለቤቴ የማሰሮውን ክዳን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ ውሻውን አየች። ምንም አላለችም። ያ ዝምታ ከዘመኑ ነገሮች ሁሉ የከፋው ነው።

ቃጭሉ? እሱማ ሌላ ነው። እኔ ያሰርሁለት የሱቋን የሽምብራ ፍሬ አይደለም፤ የሞተችው በቅሎዬ ቃጭል ነው፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ። ለጌጥ አይደለም። ጅብ ሲመጣ እንድሰማ ነው። አሁን ሌሊት ሌሊት ኩል፣ ኩል ሲል እሰማዋለሁ፤ አጥሩን ሲዞር፣ ዶሮዎቹን ሲቆጥር፣ ደጃፌ መጥቶ ሲተኛ። ይህ እንቅልፍ ይነሳል። ዱሮ ሰው ተኝቶ ያድር ነበር። ለልጅ ልጄ ስልክ ደውዬ ይህንኑ ነገርሁት፤ «ታዲያ ይፍቱለት» አለኝ። ይፍቱለት! አየሽ ዘመን፣ ምክሩ ሁሉ እንዲህ ነው።

ትናንት ሌሊት ደግሞ ቃጭሉ ዝም አለ። ተገላበጥሁ። ጸለይሁ። ዝም። ባትሪ ይዤ፣ በባዶ እግሬ፣ በዚህ ቁርጥማቴ ወጣሁ፣ አጥሩን ዞርሁ፣ «ማክስ! ማክስ!» እያልሁ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማኝ። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ጠፋ ብዬ ስፈልገው የሰነበትሁት አሮጌ ጋቢዬ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቃጭሉ በጋቢው ታፍኗል። ጎንበስ ብዬ አንገቱን ዳሰስሁ፣ ሁለት ጣቴን ላስገባ ብል አንዱ ብቻ ገባ። ዓይኑን ገልጦ አየኝና መልሶ ጨፈነ። በአንድ ወር ውስጥ! እኛ በልጅነታችን እንዲህ ቶሎ ቶሎ አናድግም ነበር። ዘለበቱን ባየው አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ደርሷል፣ ከዚያ ወዲያ ቆዳው ያልቃል።

በሌሊቱ ሲባጎ ፈልጌ ለካሁት። ጠዋት ለባለቤቴ ነገ ጎንደር እሄዳለሁ አልኋት። ዓይኔን እንደገና አሞኛል።